«ቼክ አድርጌዋለሁ» ከማለታችን በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ የቤተ ሙከራ ዘገባዋን ይዛ ወደ ቢሯችን መጣች። ሙከራው በፊዚክስ ትምህርት በሰፊው የታወቀው የፔንዱለም ሙከራ ነበር። ይኸውም አንዲት የብረት ኳስ በክር አንጠልጥሎ በማወዛወዝ፣ የመሬት ስበት በወዳቂ አካል ላይ በየሰከንዱ የሚጨምረውን ፍጥነት፣ በተለምዶ «ጂ» እያልን የምንጠራውን መጠን፣ መለካት ነው። የክፍል ጓደኞቿ ከሞላ ጎደል ሁሉም 9.80፣ 9.81 ወይም 9.82 ሜትር በሰከንድ ካሬ አገኘን ብለው ጽፈዋል። የእርሷ ግን 9.68 ሆነባት።

«መምህር፣ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ አላወቅሁም» አለችን። «ቼክ አድርጌዋለሁ፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ከማስረከቤ በፊት ላስተካክለው ይፈቀድልኛል?»

«ምኑን ነው የምታስተካክዪው?» ብለን ጠየቅናት።

ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ቁጥሩን» አለች።

መልሱ ቅን ስለ ነበር አላስቆጣንም። እኛም ተማሪ ሳለን፣ በዚሁ ሙከራ የመጨረሻውን ረድፍ ሳንለካ፣ የመጽሐፉን ቁጥር የሚያስገኝ ጊዜ ጽፈን ሙሉ ነጥብ የወሰድንበት ቀን አለ። ያ ነጥብ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። ከተማሪዋ ንግግር ይልቁንም ከአእምሯችን ያልወጣው «ቼክ አድርጌዋለሁ፤ ያውም ሦስት ጊዜ» ማለቷ ነው። ሦስት ጊዜ ቼክ የተደረገ ሥራ ስሕተቱን እንደ ያዘ እንዴት ሊያልፍ ቻለ? ለመሆኑ ቼክ ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው? ቃሉ ከእንግሊዝኛ መጥቶ ከአማርኛችን ጋር ስለ ተላመደ ይህን የሚጠይቅ የለም። በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ቃሉን፣ ቀጥሎም በቃሉ የምንጠራውን ሥራ ለመመልከት እንሞክራለን።

የቃሉ ጉዞ

ዛሬ ከመካኒክ ቤት እስከ ሆስፒታል የምንሰማው ይህ ቃል ጉዞውን የጀመረው ከፋርስ ነው። በፋርስ ቋንቋ «ሻህ» ንጉሥ ማለት ነው። በቼዝ ጨዋታ አንዱ ተጫዋች የሌላውን ንጉሥ አደጋ ላይ ሲጥል «ሻህ!» ብሎ ያስጠነቅቃል። ጨዋታው ከፋርስ ወደ ዐረቦች፣ ከዐረቦች ወደ አውሮፓ ሲሻገር ቃሉም አብሮ ተሻገረ፤ በመካከለኛው ዘመን ላቲንና በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ፣ መልኩን ለውጦ፣ በእንግሊዝኛ «ቼክ» ሆነ። የጨዋታውን ፍጻሜ የሚያስታውቀው «ቼክሜት» የተባለው ቃልም «ሻህ ማት»፣ ማለትም ንጉሡ መውጫ አጣ፣ ከሚለው የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ንጉሡ «ቼክ» የተባለበት ተጫዋች ያሰበውን ሁሉ ለመተው ይገደዳል። ያዘጋጀው ጥቃት የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን መጀመሪያ ንጉሡን ማዳን አለበት። ስለዚህ ቃሉ ከጨዋታው ሰሌዳ ወጥቶ በእንግሊዝኛ በመጀመሪያ ያገኘው ትርጉም ማየት ወይም መመልከት ሳይሆን ማስቆም፣ መግታት ነበር። ይህ ትርጉም ዛሬም አልጠፋም። ወረርሽኝን «ኢን ቼክ» መያዝ ማለት እንዳይስፋፋ መግታት ነው፤ በፖለቲካ ትምህርት የሚነገረው «ቼክስ ኤንድ ባላንስስ»ም አንዱ የመንግሥት አካል ሌላው ከሥልጣኑ እንዳያልፍ የሚገታበትን ሥርዓት ያመለክታል። ውሎ አድሮ መግታት ወደ መቆጣጠር፣ መቆጣጠር ወደ ማረጋገጥ እየተሸጋገረ በ17ኛው መቶ ዘመን ገደማ ዛሬ የምናውቀው ትርጉም ተገኘ። «ቼክ» በእንግሊዝኛ ከሌሎቹ የመመርመር ቃላት የሚለየውም በዚህ ነው። «ኢንስፔክት» ወደ ውስጥ መመልከት፣ «ቬሪፋይ» እውነትነትን ማሳየት ከሚሉ የላቲን ሥሮች የመጡ ሲሆኑ፣ በውስጡ «ቁም!» የሚል ድምፅ ያለው «ቼክ» ነው።

ሌላው የቃሉ ቅርንጫፍ የበቀለው ከሰሌዳው ነው። «ቼክ» ሸሚዝ የምንለው በአራት ማዕዘኖች የተከፋፈለው ጨርቅ ስሙን ያገኘው የቼዝ ሰሌዳን ስለሚመስል ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ነገሥታት ግምጃ ቤት ሒሳብ የሚያወራርደው ርዝመቱ ዐሥር፣ ወርዱ አምስት ጫማ በሆነ ጠረጴዛ ላይ መስመር የተሰመረበት ጨርቅ አንጥፎ፣ በላዩም የገንዘብ መቁጠሪያ ጠጠሮችን በመደርደር ነበር፤ ስለዚህም መሥሪያ ቤቱ «ኤክስቼከር» ተባለ። የባንኩ ቼክም የዚሁ ቤተ ሰብ አባል ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቃሉ መጠሪያ የነበረው ለመክፈያው ወረቀት ሳይሆን ለጉርዱ ነበር፤ ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ ሐሰተኛ አለመሆኑ የሚታወቀው ከጉርዱ ጋር ተመሳክሮ ነውና።

አማርኛችንም ከዚሁ ጨዋታ ያተረፈው ነገር አለ። ጥንታዊው የኢትዮጵያ ቼዝ «ሰንጠረዥ» ይባላል፤ ስሙም «ቻቱራንጋ» ከሚለው የሳንስክሪት ቃል ተነሥቶ በፋርስና በዐረብኛ በኩል የደረሰን ነው። ተማሪዎቻችን ልኬታቸውን የሚሞሉበትን በረድፍና በዓምድ የተከፋፈለ ገጽም ሰንጠረዥ እንለዋለን። እንግዲህ «ሰንጠረዡን ቼክ አድርጌዋለሁ» የሚል ተማሪ ሳያውቀው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ የቼዝን ስም ጠርቷል ማለት ነው። በሰንጠረዥ ጨዋታ መክፈቻ ላይ «ወረራ» የሚባል ምዕራፍ አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ እርምጃ በተራና በጥንቃቄ ይሆናል። የብዙዎቻችን የሒሳብ አሠራር ከወረራው ምዕራፍ ሳይወጣ የሚያልቅ ይመስለናል።

የእኛ ቃላት ምን ይላሉ?

እንግሊዝኛው በአንድ «ቼክ» የሚጠቀልለውን ሥራ አማርኛ በብዙ ቃላት ይለያየዋል። ጉምሩክ ሻንጣ ይፈትሻል፤ ሐኪም በሽተኛን ይመረምራል፤ አንጥረኛ ወርቅን በእሳት ይፈትናል፤ ዳኛ የምስክሮችን ቃል ያመሳክራል። መፈተሽ የተደበቀውን መፈለግ ነው። ማጣራት ድፍርስ ውኃን እንደምናጣራው ንጹሑን ከዝቃጩ መለየት ነው። ለጽሑፋችን ይበልጥ የሚጠቅመን ግን «ማመሳከር» የሚለው ነው፤ «ምስክር» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለውና።

በችሎት ምስክሮች ለየብቻቸው የሚሰሙበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው። ሁለተኛው ምስክር የመጀመሪያውን ቃል ሰምቶ ያንኑ ቢደግም፣ በዳኛው ፊት የቆሙት ሰዎች ሁለት ቢሆኑም ምስክርነቱ አንድ ነው። የመጀመሪያው ከተሳሳተ ሁለተኛውም አብሮ ይሳሳታል።

እነዚህን ሁለት ቃላት፣ የእንግሊዝኛውን «ቼክ» እና የአማርኛውን «ማመሳከር»፣ ስናጣምር ለሳይንስ የሚበቃ ትርጉም እናገኛለን። አንድን ውጤት ቼክ ማድረግ ማለት፣ ውጤቱ የተሳሳተ ቢሆን ሊያስቆመን በሚችልና ከመጀመሪያው መንገድ ተለይቶ በቆመ ምስክር ፊት ማቅረብ ነው። ሊያስቆመን የማይችል ቼክ ንጉሥ የሌለበት ቼዝ ነው፤ ተለይቶ ያልቆመ ምስክርም የገደል ማሚቶ ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ከዘመናችን ታላላቅ ሙከራዎች ሁለቱን በመመልከት እናሳያለን።

ያልተሰሙት ምስክሮች

የሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1990 ወደ ጠፈር ተላከ። ዋናው መስተዋቱ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው፣ እጅግ በረቀቀ ጥንቃቄ የተሞረደና የተወለወለ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ሲደርሱ ከዋክብቱ ደብዝዘው ታዩ። ምርመራው እንዳሳየው መስተዋቱ በጠርዙ በኩል ከሚገባው በላይ ዝርግ ሆኖ ነበር፤ የስሕተቱም መጠን 2.2 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የአንድ የራስ ጠጕር ውፍረት አንድ ሃምሳኛ ገደማ ነበር።

መስተዋቱ በግድ የለሽነት የተሠራ አልነበረም። በሥራው ጊዜ ቅርጹ በአንድ ልዩ የመለኪያ መሣሪያ ደጋግሞ ይለካ ነበር። ስሕተቱ የነበረው በመሣሪያው ውስጥ ነው፤ ሌንሱ ከቦታው በ1.3 ሚሊሜትር ተዛንፎ ተገጥሟል። የሌንሱን ርቀት ለመወሰን የተላከው የሌዘር ጨረር ሊነጥርበት ይገባው ከነበረው የመለኪያ ዘንግ ጫፍ ሳይሆን፣ ቀለሙ ከተላጠ ክዳኑ ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ሌንሱ በተገኘው ልክ አልገጥም ባለ ጊዜም ቀለበት መሰል ማጠቢያዎች ገብተውለት እንዲገጥም ተደረገ። ይህ የመጀመሪያው «ቁም!» ነበር፤ ሆኖም አልተሰማም።

ከዚያ ወዲህ መስተዋቱ የተሞረደው በዚሁ መሣሪያ መሪነት ሲሆን፣ ትክክለኛነቱም የተረጋገጠው በዚሁ መሣሪያ ነው። ስለዚህ መሣሪያው በለካ ቁጥር መስተዋቱ ፍጹም ሆኖ ተገኘ። ሺህ ጊዜ ቢለካም ያው በሆነ ነበር። ይልቁንም የሚያስቆጨው ሌሎች ምስክሮች መኖራቸው ነው። ሌሎች ሁለት የመለኪያ መሣሪያዎች ስሕተት መኖሩን አሳይተው ነበር፤ ነገር ግን ከዋናው መሣሪያ ያነሰ ጥራት አላቸው ተብሎ ቃላቸው ተጣለ። እውነት ነው፣ ጥራታቸው ያንስ ነበር፤ ተለይተው የቆሙት ግን እነርሱ ነበሩ። ቴሌስኮፑ እንደ ታሰበው ማየት የቻለው ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ወደ ጠፈር ወጥተው የማስተካከያ መሣሪያዎችን ከገጠሙለት በኋላ ነው።

ስድሳ ናኖሰከንድ

ሁለተኛው ታሪክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 የተሰማው ነው። ከሰርን የምርምር ማዕከል የተላኩ ኒውትሪኖዎች 730 ኪሎሜትር ያህል በምድር ውስጥ ተጉዘው በኢጣሊያ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ወዳለው ቤተ ሙከራ ይደርሳሉ። ኦፔራ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን ኒውትሪኖዎቹ ብርሃን ሊደርስ ከሚገባው ጊዜ 60 ናኖሰከንድ ያህል ቀድመው መድረሳቸውን አስታወቀ። እውነት ቢሆን ኖሮ ከብርሃን የሚፈጥን ነገር ተገኘ ማለት ነው።

ቡድኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ኒውትሪኖዎችን መዝግቦ ነበር። ብዙ ልኬት የሚያጠፋው ግን የአጋጣሚ ስሕተትን ብቻ ነው፤ አንዱ ልኬት ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሲያዘነብል አማካዩ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ሁሉንም ልኬት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፋውን ሥርዓታዊ ስሕተት ግን መደጋገም አያጠፋውም። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2011 መገባደጃ አጫጭር የኒውትሪኖ ጥቅሎችን በመጠቀም ሙከራውን ደገመው፤ ውጤቱም ያው ሆነ። ይህ አንድን ጥርጣሬ አስወገደ፤ ሆኖም አዲሱም ልኬት ያለፈው በዚያው የሰዓት መሣሪያና በዚያው ገመድ በኩል ነበር።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ሰዓቱን የሚያገናኘው የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ መግጠሚያ በሚገባ አለመጥበቁ ታወቀ። በመጋቢት 2012 ደግሞ በዚያው ተራራ ሥር በራሱ መሣሪያ የሚሠራው ኢካሩስ የተባለው ቡድን የኒውትሪኖዎቹ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት ጋር የሚስማማ መሆኑን አስታወቀ። ለኦፔራ ተመራማሪዎች ግን ክብር ልንሰጥ ይገባናል። የማይታመነውን ቁጥር አልደበቁም፤ ወደሚታመነውም አልጎተቱትም። ይልቁንም በዓለም ፊት አቅርበው «ስሕተታችንን እንፈልግ» አሉ። በንጉሣቸው ላይ «ቼክ» እንዲባል ራሳቸው ፈቀዱ።

ወደ ፔንዱለሙ እንመለስ

አሁን የተማሪያችንን ሰንጠረዥ እንይ። የክሩን ርዝመት 100 ሴንቲሜትር አድርጋ 50 ውዝዋዜ በ101 ሰከንድ መዝግባለች፤ ከዚህም 9.68 ይገኛል። ሦስት ጊዜ ቼክ አደረግሁ ስትል ሙከራውን በዚያው ክር፣ በዚያው ኳስ፣ በዚያው ሰዓት ሦስት ጊዜ ደግማዋለች ማለት ነው። ይህ አንድን ምስክር ሦስት ጊዜ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ሌላ ምስክር እንድትጠራ ነገርናት። የክሩን ርዝመት አምስት ጊዜ እየለዋወጠች፣ ለእያንዳንዱ የአንዱን ውዝዋዜ ጊዜ ካሬ ከርዝመቱ ጋር በግራፍ እንድታሳይ ነው። ርዝመቱ በትክክል ተለክቶ ከሆነ ነጥቦቹ ዜሮን በሚያቋርጥ ቀጥተኛ መስመር ላይ ይውላሉ። የእርሷ መስመር ቀጥተኛ ነበር፤ ነገር ግን የርዝመቱን ዘንግ የቆረጠው ከዜሮ በስተ ግራ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ነው። ግራፉን ለጥቂት ጊዜ ካየችው በኋላ ኳሷን አንሥታ ለካች። የኳሷ ሬዲየስ አንድ ሴንቲሜትር ነበር። ክሩን የለካችው እስከ ቋጠሮው ድረስ እንጂ እስከ ኳሷ እምብርት ድረስ አልነበረም። የመስመሩ ተዳፋት በዚህ ስሕተት አይለወጥምና ከእርሱ የተገኘው «ጂ» ወደ 9.78 የተጠጋ ሆነ።

ይህ ቁጥር ከጓደኞቿ 9.81 ጋር አለመስማማቱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1901 በዓለም አቀፍ ጉባኤ የጸደቀው 9.80665 ለስሌት እንዲያመች የተደረገ ስምምነት እንጂ የየአገሩ ልኬት አይደለም። 9.81 ለለንደን ወይም ለፓሪስ የሚስማማ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ወደ ምድር ወገብ የቀረበችና ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ የ«ጂ» መጠኗ ከ9.78 ጥቂት ያነሰ ነው። እንግዲህ ቁጥሩን ወደ 9.81 «ያስተካከለ» ተማሪ ስሕተቱን አላረመም፤ እውነቱን ጥሎ የሌላ ከተማ ቁጥር ተበደረ። ሁሉም ቡድን በተራ ክርና በእጅ ሰዓት እየለካ በ9.80 እና በ9.82 መካከል መሰብሰቡም በራሱ አጠራጣሪ ነው። ምስክሮቹ አስቀድመው ተነጋግረዋልና።

አራት ጥያቄዎች

ውጤታችንን ከማስረከባችን በፊት ራሳችንን የሚከተለውን እንድንጠይቅ እንመክራለን።

አንደኛ፣ መለኪያዎቹ ይስማማሉ? እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለች መንኮራኩር ማርስ ዘንድ ስትደርስ የጠፋችው፣ አንዱ ወገን የግፊቱን መጠን በፓውንድ ሲያሰላ ሌላው በኒውተን የተሰላ ነው ብሎ በመቀበሉ ነው።

ሁለተኛ፣ መጠኑ ያስኬዳል? የአንድ ሰው ክብደት 6,000 ኪሎግራም ከሆነብን የሒሳብ መኪናውን ከማመን ሰውየውን ማየት ይሻላል። መልሳችን በቀላልና በታወቀ ሁኔታ ላይ የታወቀውን ውጤት ይሰጥ እንደ ሆነም እንሞክረው።

ሦስተኛ፣ ያመሳከርነው ከሌላ ምስክር ጋር ነው? ሒሳቡን በሌላ ዘዴ ሠርተነዋል? ወይስ ያንኑ ገጽ መልሰን አነበብን?

አራተኛ፣ ምን ብናይ እንቆም ነበር? ይህን ከመለካታችን በፊት ብንጽፈው መልካም ነው። ምንም ነገር ሊያስቆመን የማይችል ከሆነ የምናደርገው ቼክ ሳይሆን ሥነ ሥርዓት ነው።

ተማሪዋ በመጨረሻ ያስረከበችው ዘገባ 9.68ን አልሰረዘም። ቁጥሩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ፤ ቀጥሎ ግራፉ፣ ከዚያ የኳሷ ሬዲየስ፣ በመጨረሻም አዲሱ ውጤት ይታያል። ከክፍሉ ዘገባዎች ሁሉ ብልጫ ያገኘውም እርሱ ነበር።

በባንክ ቤት አነጋገር በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ የሚባል አለ። ወረቀቱ ያምራል፣ ፊርማው ይነበባል፣ ሒሳቡ ውስጥ ግን ገንዘብ የለም። «ቼክ አድርጌዋለሁ» የሚለውም ቃል ፊርማ ነው። ከመፈረማችን በፊት ስንቁ መኖሩን እንይ።